«በወር 165 ዶላር ብቻ» የተባለው ሶላር፦ እንፈርም ወይስ ይቅርብን?

ጤና ይስጥልኝ። ዓምድዎን የማነበው ሥራ ቦታ፣ እረፍት ሰዓት ላይ ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር እኖራለሁ። ቤታችንን ከገዛን ዘጠኝ ዓመት ሆኖናል። እኔ ነርሲንግ ሆም የማታ ፈረቃ እሠራለሁ፤ እሱ ኡበር ይነዳል።

ጉዳዬ ሶላር ነው። የባለቤቴ አብሮ አደግ ልጅ አለ። አሜሪካ እንደመጣ ወራት ያረፈው እኛ ቤት ነው። አሁን ሶላር ይሸጣል። ባለፈው ሳምንት መጥቶ ቡና እየጠጣን አስረዳን። ፓነሉ ጣሪያችን ላይ በነጻ ይገጠማል አለን። የመንግሥት ፕሮግራም ነው፤ አሁን የመብራት ቢላችሁ በአማካይ 210 ዶላር ነው፤ በሶላሩ 165 ብቻ ትከፍላላችሁ አለ። ውሉ የ25 ዓመት ሊዝ (ኪራይ) ነው። ክፍያው በየዓመቱ 2.9 በመቶ ይጨምራል። ፕሮግራሙ ሊዘጋ ስለሆነ ቶሎ ወስኑ ብሎናል። ባለቤቴ እዚያው ታብሌቱ ላይ በጣቱ ፈረመ። ምንድነው ስል «ክሬዲት ለማየት ብቻ ነው» ተባልኩ።

እኔ ፈርቻለሁ። ከአራት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ለአፓርታማ ቅድመ ክፍያ ብለን የቋጠርነውን ገንዘብ ላክን። ሕንፃው እስካሁን ከመሬት አልተነሳም። ያኔም ያገናኘን ሰው የምናውቀው ነበር። ይህን ለባለቤቴ ሳነሳ «አንቺ ሁልጊዜ ክፉ ክፉውን ነው የምታዪው» አለኝና ተኮራርፈናል። ልጆቹ ኮሌጅ ሲጨርሱ፣ ከሰባት ስምንት ዓመት በኋላ፣ ቤቱን ሸጠን አገር ቤት የመግባት ሐሳብ አለን። ሶላር የሚሸጠውን ልጅ እምቢ ማለት ግን ለባለቤቴ ሞት ነው። ሶላር እውነት ያዋጣል? ወይስ እኔ ነኝ ፈሪዋ? የቢላችንንና የልጁን ወረቀት ፎቶ አያይዣለሁ።

ግራ የገባት፣ ከሜሪላንድ

*

ውድ እህቴ፣

ስለ ፊርማው ዓምዱን ሳልጠብቅ የዚያኑ ቀን ጽፌልሽ ነበር። ባለቤትሽ የፈረመው በእርግጥም ክሬዲት ለማየት የሚሰጥ ፈቃድ ብቻ ሆኖ በመገኘቱ ደስ ብሎኛል። ለሌሎች አንባቢዎች ግን ልድገመው። ታብሌት ላይ በጣት የተጫረች ፊርማ ሙሉ ውል ልትሆን ትችላለች። ስትፈርሙ የፈረማችሁት ሰነድ እዚያው በኢሜይል ይላክላችሁ። ቤታችሁ ድረስ መጥቶ የሸጠላችሁን ሰው ውል ደግሞ በፌደራል ደንብ ቢያንስ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ፣ ምክንያት ሳትሰጡ፣ በጽሑፍ መሰረዝ ትችላላችሁ። በስልክ «ትቼዋለሁ» ማለት ብቻውን አያስተማምንም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ፈሪ ነሽ ወይ? አይመስለኝም። ደብዳቤሽን ሁለቴ ሳነበው ግን አንድ ነገር ታየኝ። ስለ ሶላሩ ስትጽፊ ቁጥር በቁጥር ነሽ፤ ስለ አፓርታማው ስትጽፊ ድምፅሽ ይለወጣል። ባለቤትሽም የሰማው ያንን ይመስለኛል። አንቺ «ይህ ውል ያዋጣል?» ስትይ፣ እሱ ጆሮ የሚደርሰው «ያኔም አንተ ነህ ገንዘባችንን ያጠፋኸው» የሚል ነው። እስቲ ራስሽን ጠይቂ፤ ስለ አፓርታማው ቁጭ ብላችሁ፣ ሳትካሰሱ፣ አንድ ቀን አውርታችሁ ታውቃላችሁ? ካላወራችሁ፣ ሶላሩ ላይ የምታደርጉት ክርክር የዚያኛው ቅጥያ ነው። ሁለቱን ብትለያዩአቸው ሁለታችሁም ይቀላችኋል።

ሶላሩን ብቻውን እንየው። ፎቶ አንስተሽ የላክሽው ወረቀት ብዙ ይናገራል። ባለፉት 12 ወራት የተጠቀማችሁት 12,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፓነሎቹ በመጀመሪያው ዓመት ያመነጫሉ የተባለው ደግሞ 9,600። ይቺ ቁጥር ከታች በኩል በትንንሽ ፊደል ነው የተጻፈችው። ልጁ 210ን ከ165 ጋር አነጻጸረላችሁ። ግን 165 ዶላሩ የሚሸፍነው ከምትጠቀሙት 80 በመቶውን ብቻ ነው። የቀረውን 2,400 ኪሎዋት ሰዓት እንደ ድሮው ከመብራት ኩባንያው ትገዛላችሁ። አሁን በምትከፍሉበት ሒሳብ፣ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 21 ሳንቲም ገደማ፣ በወር 42 ዶላር ይመጣል። 165 ላይ 42 ሲደመር 207 ነው። በወር የምታተርፉት ሦስት ዶላር ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ማኪያቶ አይገዛም።

ይህን ልጁ ደብቆ ነው አልልም። የሽያጭ ሥልጠናው ላይ የተሰጠው ስላይድ እንደዚያ ስለሚል ይሆናል። ብቻ የማንም ሰው የሶላር ሊዝ ሲቀርብልሽ የመጀመሪያ ሥራሽ ይህ ይሁን፦ የዓመቱን ክፍያ ለዓመቱ ምርት አካፍይ። 1,980 ዶላር ለ9,600 ሲካፈል 20.6 ሳንቲም ነው። አሁን የምትከፍሉት 21 ነው። የምትገዙት ያንኑ መብራት፣ በዚያው ዋጋ፣ ከሌላ ሻጭ ነው።

ከዚያ 2.9 በመቶዋ ትመጣለች። ትንሽ ትመስላለች። በ10ኛው ዓመት የወር ክፍያው 213 ዶላር ይሆናል፤ ከዛሬው ሙሉ ቢላችሁ ይበልጣል። በ25ኛው ዓመት ወደ 328። ሁሉም ሲደመር 71,000 ዶላር ያህል ነው። በዚህ ላይ ፓነል እንደ ሰው ያረጃል፤ ምርቱ በየዓመቱ ግማሽ በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ክፍያው ይወጣል፣ ምርቱ ይወርዳል።

ለልጁ ግን ፍርድ አላዛባም። የመብራት ዋጋም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሜሪላንድን ጨምሮ 13 ስቴቶችንና ዲሲን የሚያገናኘው ፒጄኤም የተባለው የኃይል መረብ ለ2025/26 ባካሄደው ጨረታ የመጠባበቂያ ኃይል ዋጋ ከቀደመው ዓመት ዘጠኝ እጥፍ ገደማ ዘለለ። ከጁን 2025 ጀምሮ ቢላችሁ ለምን እንዳበጠ ካልገባችሁ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ስለዚህ ወደፊት ምን ይሆናል የሚለው ቁማር አለበት። የመብራት ዋጋ በየዓመቱ በአማካይ 5 በመቶ ቢጨምር፣ በእኔ ስሌት በ10ኛው ዓመት ሊዙ ወደ 400 ዶላር ያተርፍላችኋል። 2 በመቶ ብቻ ቢጨምር ግን በዚያው ዓመት ወደ 250 ዶላር ትከስራላችሁ። የትኛው እንደሚሆን ልጁም እኔም አናውቅም። «ታተርፋላችሁ» ሲላችሁ፣ ስንት በመቶ ይጨምራል ብሎ እንደገመተ ጠይቁት። ወረቀቱ ላይ ይኖራል።

እናንተ ግን 10ኛውን ዓመት እዚያ ቤት ውስጥ የምታዩት አይመስለኝም። ደብዳቤሽ ውስጥ ለእኔ ከሁሉ የከበደችው ዓረፍተ ነገር «ቤቱን ሸጠን አገር ቤት» የምትለዋ ናት። በ8ኛው ዓመት ብትሸጡ፣ ውሉ ገና 17 ዓመት ይቀረዋል። የሚቀረው ክፍያ ከ53,000 ዶላር በላይ ነው። ገዢው ውሉን ልረከብ ካለ፣ የሊዝ ኩባንያው ክሬዲቱን አይቶ መፍቀድ አለበት። ገዢው «የሰው ዕዳ አልሸከምም» ካለ ደግሞ፣ ወይ ከፍላችሁ ትወጣላችሁ ወይ ከቤቱ ዋጋ ትቀንሳላችሁ። ብዙዎቹ ኩባንያዎች ፓነሉ የእነሱ መሆኑን የሚያስመዘግቡበት ሰነድም አለ፤ ቤት ስትሸጡ ወይም ሞርጌጅ ስታድሱ ብቅ ይላል። ሻንጣ አዘጋጅታችሁ፣ ትኬት ቆርጣችሁ፣ ስለ ጣሪያ ስትደራደሩ አስቢው።

«የመንግሥት ፕሮግራም» ስላለው ነገር። መንግሥት ለቤት ባለቤቶች ይሰጥ የነበረው የ30 በመቶ የታክስ ቅናሽ ነበር። ፓነሉን በራሱ ገንዘብ ወይም በብድር ለገዛ ሰው ነው። እሱም በጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ መሠረት ዲሴምበር 31 ቀን 2025 አብቅቷል። በሊዝ ከሆነ ግን ፓነሉ የኩባንያው ስለሆነ ቅናሹን የሚወስደው ኩባንያው ነው። ይህ የኩባንያ ቅናሽ ገና አልተዘጋም። ነገር ግን የጊዜ ገደብ አለው፦ እስከ ጁላይ 4 ቀን 2026 ግንባታ መጀመር፣ ያ ካለፈ ደግሞ እስከ 2027 መጨረሻ ሥራ ማስጀመር። ስለዚህ ልጁ «ሊዘጋ ነው» ሲል አልዋሸም። ቀነ ገደቡ ግን የኩባንያው ነው። አንቺ የምታጪው ምንም የለም፤ ለምን ትጣደፊያለሽ?

በነጻ የሚገጠም የመንግሥት ሶላር የሚል ማስታወቂያ በተመለከተ የአሜሪካ ግምጃ ቤት፣ የንግድ ኮሚሽኑና የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮው በኦገስት 2024 በጋራ ሕዝቡን አስጠንቅቀዋል። የሸማቾች ቢሮው በዚያው ጊዜ የሶላር ብድሮችን መርምሮ፣ ብዙዎቹ ውስጥ አበዳሪው የሚጨምረው ድብቅ ክፍያ ዋጋውን ከካሽ ዋጋው 30 በመቶና ከዚያ በላይ እንደሚያስወድድ ጽፏል። ይህን የማነሳው ልጁ «ሊዙን ካልፈለጋችሁ ብድር አለ» ብሎ ሊመለስ ስለሚችል ነው። ያኔ አንድ ጥያቄ ብቻ በቂ ነው፦ «ዛሬ በካሽ ብገዛው ስንት ነው?» ሁለቱ ዋጋዎች ከተራራቁ ታውቂዋለሽ።

መግዛቱስ? የእናንተን ያህል ሲስተም፣ 8 ኪሎዋት ገደማ፣ በአንድ ዋት 3 ዶላር ብንል 24,000 ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ያመነጫችሁትን ትርፍ ኃይል መረቡ ተቀብሎ ኪሎዋት ሰዓት በኪሎዋት ሰዓት ያካካስላችኋል። ስለዚህ በዓመት ወደ 1,900 ዶላር ልታድኑ ትችላላችሁ። ያወጣችሁትን ለመመለስ 12 ወይም 13 ዓመት ማለት ነው። ሜሪላንድ ላይ ከሶላር ምርት የሚሸጥ ሰርተፊኬት አለ፤ እሱ ጊዜውን ያሳጥረዋል። ቤቱ ውስጥ 20 ዓመት ሊኖር ላሰበ፣ ካሽ ላለው፣ ጣሪያው አዲስ ለሆነ ሰው «ግዛ» እላለሁ፤ ፌደራሉ ቅናሽ ባይኖርም። ለእናንተ ግን፣ በስምንት ዓመት ልትወጡ፣ የልጆች ኮሌጅ ከፊታችሁ ተደቅኖ፣ ያን ያህል ካሽ ጣሪያ ላይ አውጥታችሁ ባታስቀምጡት ይሻላል ባይ ነኝ።

ጣሪያ ካልኩ አይቀር፣ ቤቱን ስትገዙ ጣሪያው ስንት ዓመቱ ነበር? ሺንግል (የጣሪያው ልባስ) በአማካይ ሃያ ዓመት ገደማ ነው የሚያገለግለው። ፓነል ከተገጠመ በኋላ ጣሪያ መቀየር ካስፈለገ፣ ፓነሉን ማውረዱና መልሶ መስቀሉ ብቻ በሺዎች የሚቆጠር ወጪ ነው። ውሉ ማን እንደሚከፍል ይላል? የጓሮው ዛፍስ ከሰዓት በኋላ ጣሪያውን ያጠላበታል?

አንድ ሌላ ነገር። ደብዳቤሽ ላይ ባይኖርም ብዙ ሰው ያመልጠዋል። አገር ቤት ሶላር ሲባል መብራት ሲጠፋ የሚደርስ ነገር ነው። እዚህ አይደለም። ባትሪ የሌለው የጣሪያ ሶላር፣ መረቡ ላይ ኃይል ሲቋረጥ እሱም አብሮ ይጠፋል። መስመር የሚጠግኑት ሠራተኞች እንዳይያዙ ተብሎ ነው። ፀሐይ ወጥታ፣ ፓነል ተሰቅሎ፣ ቤቱ ጨለማ ይሆናል። ባለቤትሽ የበረዶ ቀን መብራት ሲሄድ የሚያድነን ነገር ገዛሁ ብሎ ከሆነ የጓጓው፣ ቢያውቀው ጥሩ ነው።

ኩባንያው 25 ዓመት ይቆያል ወይ የሚለውም አለ። ሰንፓወር የተባለው የሶላር ኩባንያ በኦገስት 2024፣ ሰኖቫ የተባለው ደግሞ በጁን 2025 ለኪሳራ ጥበቃ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ሁለቱም ትልልቆች ነበሩ። ኩባንያ ሲወድቅ ውሉ አብሮ አይወድቅም። ክፍያው ለሌላ ይተላለፋል፤ የተበላሸ ኢንቨርተር (የፓነሉን ኃይል ለቤት መብራት እንዲሆን የሚቀይረውን መሣሪያ) የሚጠግን ሰው ግን ትፈልጊያለሽ።

ታዲያ ሶላር ለእናንተ ጨርሶ አይሆንም? አንድ መንገድ አለ፤ ለእናንተ ሁኔታ ከሁሉ የሚሻለው ይመስለኛል። ሜሪላንድ ከ2023 ጀምሮ ቋሚ ያደረገችው ኮሚዩኒቲ ሶላር አለ። ጣሪያ ላይ ምንም አይሰቀልም። ሌላ ቦታ ካለ የሶላር ጣቢያ ድርሻ ትመዘገባላችሁ፤ ቢላችሁ ላይ ክሬዲት (ከቢሉ የሚቀነስ ገንዘብ) ይገባል፤ ያንን ክሬዲት በቅናሽ ትከፍሉታላችሁ። ክሬዲቱ በወር 180 ዶላር ቢሆንና ቅናሹ 10 በመቶ ቢሆን፣ የምታተርፉት 18 ዶላር ነው። ብዙ አይደለም። ግን ከሦስት ዶላር ስድስት እጥፍ ነው፤ ጣሪያውን አይነካም፤ የ25 ዓመት ፊርማም የለውም። ከመመዝገባችሁ በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ሲወጡ የሚከፈል ቅጣት አለ ወይ? ቅናሹ ቋሚ ነው ወይስ ተለዋዋጭ? በኪራይ ቤት የምትኖሩ አንባቢዎችም በዚህ መግባት ትችላላችሁ።

ከሌላ ስቴት ለምታነቡኝ፣ የእህታችንን ሒሳብ እንዳለ አትገልብጡት። ካሊፎርኒያ ለምሳሌ ከአፕሪል 15 ቀን 2023 ጀምሮ ለገቡ፣ ወደ መረብ ለሚልኩት ኃይል የሚታሰብላቸውን ዋጋ በእጅጉ ቀንሳለች። እዚያ ያለ ባትሪ ስሌቱ ሌላ ነው።

አሁን ከባዱ፣ ልጁ። ባለቤትሽን ይሉኝታ እንደያዘው ይገባኛል። ቤቱ ያሳደረው፣ እንጀራ ያጎረሰው ልጅ ነው። ሥራው ላይ ሲቆም ማየት ያኮራል። አብዛኞቹ ሻጮች የሚኖሩት በኮሚሽን ነው፤ የመጀመሪያ ደንበኞቻቸው ደግሞ ዘመድና ወዳጅ ናቸው። ስለዚህ ባለቤትሽ «እምቢ» እንዲል አትጠይቂው። «የጽሑፍ መልስ ስጠን» እንዲል ጠይቂው። እንዲህ ቢለውስ? «ልጄ፣ አንተን ስለማላምንህ አይደለም የምጠይቅህ፤ ውሉ ላይ የምፈርመው ከአንተ ጋር ሳይሆን ከኩባንያው ጋር ነው። እነዚህን ጥያቄዎች ኩባንያህ በኢሜይል ይመልስልኝ።» ጥያቄዎቹ፦ ቤቱን በ8ኛው ዓመት ብንሸጥ ምን እንከፍላለን? ምርቱ ከተባለው በታች ቢሆን ካሳ አለ? 2.9ኙ በመቶ ዜሮ የሆነበት ውል አላችሁ? ለጣሪያ ማፍሰስ ማን ይጠየቃል? ጨዋ ልጅ ከሆነ አይቀየምም። ምናልባትም ራሱ ተምሮ ይወጣል።

መልሱ ጥሩ ሆኖ ቢመጣ፣ ለምሳሌ ጭማሪው ቀርቶ የወር ክፍያው 120 ቢሆን፣ በስምንተኛው ዓመት በተቆረጠ ዋጋ መውጣት ቢቻል፣ እኔም ሐሳቤን እቀይራለሁ። ጸቤ ከሶላር ጋር አይደለም። ባለው ወረቀት ግን አትፈርሙ።

ከባለቤትሽ ጋር ስትነጋገሪ ጠዋት ከፈረቃ እንደገባሽ አይሁን፤ ደክሞሽ ቃልሽ ይከብዳል። ሁለታችሁም እረፍት የሆናችሁበት ቀን ምረጪ። «ልክ አይደለህም» ብለሽ አትጀምሪ። ቢሉንና ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ «እስቲ አብረን እናካፍለው» በይው። 1,980 ለ9,600። ካልኩሌተሩን እሱ ይያዘው። መኪና እየነዳ በቀን ስንት ማይል፣ ስንት ዶላር ሲያሰላ የሚውል ሰው ነው፤ ቁጥሩ ራሱ ይነግረዋል። ያየውን ከተናገረ በኋላ አንቺ «ነግሬህ ነበር» አትበይ። ይልቅ ምን አጓጉቶህ ነበር ብለሽ ጠይቂው። የቢሉ መወደድ ነው? ለልጁ መቆም ነው? ወይስ ከአፓርታማው በኋላ አንድ የተሳካ ነገር ለቤቱ ማምጣት ፈልጎ ነው? ሦስተኛው ከሆነ ሊነግርሽ ጊዜ ይወስድበታል፤ አትቸኩዪው።

እስከዚያው እዚህ ሳምንት ውስጥ ሁለት ነገር ብታደርጊ። ፒቪዋትስ የሚባል በፌደራል ቤተ ሙከራ የተሠራ ነጻ ማስሊያ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ አድራሻችሁን አስገቢና 9,600 የተባለው ምርት እውነት መሆኑን አመሳክሪ። የሜሪላንድ ኢነርጂ አስተዳደር ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ላላቸው ቤተሰቦች ለሶላር ድጋፍ ሰጥቶ ያውቃል፤ ደውለሽ ዘንድሮ በጀት እንዳለውና እናንተ እንደምትገቡበት ጠይቂ። የልጁ ኩባንያ መልስ በኢሜይል ሲደርሳችሁ፣ የማይገባሽ አንቀጽ ካለ ስምና አድራሻችሁን አጥፍተሽ ላኪልኝ፤ አብረን እናነበዋለን።